የጋራ ነው የተባለው

«ጋሼ፣ እኛ ማሽን ላይ እኮ ይሠራል!» አለኝ ልጁ። ይሠራል! እሱ ቤት የማይሠራ ምን አለ?

የወንዝ ሙላት የሚያሰላውን ፎርትራን የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ ያኔ ወገቤም ቀጥ ያለ ነበር። ልጆቹ ሲ ፕላስ ፕላስ አለበሱት፣ በዚያ ላይ ፓይተን ደረቡለት፣ ብርድ የመታው ሽማግሌ አስመሰሉት። የደንበኛው ሰርቨር ላይ ሲደርስ አንድ መስመር ተናግሮ ተኛ፦ ሊብጂፎርትራን ቁጥር 3 የለም። እውነቱን ነው። ልጁ የሠራው በአሮጌው ኮምፓይለር፣ በጂሲሲ 4.8 ነው፤ ሼርዱ፣ ማለትም የጋራው ላይብረሪ፣ በጂሲሲ 7 ቁጥር 4፣ በጂሲሲ 8 ደግሞ ቁጥር 5 ሆኗል። ማንን አስፈቅደው እንደሆነ እንጃ።

«እንግዲያው ስታቲክ እናድርገው» አለ። ይሁን፣ ሁሉንም ባንድ አገልግል ቋጥሮ መላክ። የፓይተኑ ሞጁል ግን ራሱ ሼርድ ነውና ሆዱ የሚገባው ኮድ ሁሉ የትም ቢጫን እንዲሠራ ሆኖ ኮምፓይል መደረግ አለበት። የኔ አሮጌ ፋይል ይህን ከየት ያውቃል? ኮዱን የሚያገጣጥመው ሊንከር «በኤፍፒአይሲ ድገሙት» ብሎ መለሰን፤ ደገምን። ቀጥሎ ሰልፍ፦ ጠሪው ከፊት፣ ተጠሪው ከኋላ ካልቆመ ሊንከሩ «አላውቀውም» ብሎ ይክዳል። የሠርግ ቤት አቀማመጥ እንኳ እንዲህ አያስጨንቅም። የሚጠራው ኮድ ስምማ ሌላ ጣጣ ነው። ጂፎርትራን ጫፉ ላይ አንደርስኮር ጅራት ይቀጥልበታል፤ ሲ ፕላስ ፕላስ የግብዓቶቹን ዓይነት ሁሉ ስሙ ውስጥ ይጠቀጥቅና የወለደችው እናት እንኳ እንዳታውቀው ያደርገዋል። በሲ አጠራር ሽምግልና ካልገባህ አይነጋገሩም።

ሼርድን ጠልቼ አይደለም። በ2014 እ.ኤ.አ. የኦፕንኤስኤስኤል ቀዳዳ፣ ሃርትብሊድ የተባለው፣ ሲወጣ ሼርዱን ፋይል ቀይሮ ፕሮግራሞቹን ማስነሳት ይበቃ ነበር። ስታቲክ ያደረገው ሰው ግን የትኛው ፕሮግራም ሆድ ውስጥ እንዳለ በዳበሳ ሲፈልግ ከረመ።

ዛሬ ያየሁት ግን ራሴን አሳከከኝ። የፓይተኑን ፎልደር ብከፍት ኑምፓይ የራሱን ኦፕንብላስና ሊብጂፎርትራን ይዞ ቁጭ ብሏል። ሳይፓይ አጠገቡ ሆኖ እሱም የራሱን ይዟል! ማኅበርተኛ ነን ብለው እያንዳንዳቸው ከየቤታቸው ሞሰብ ተሸክመው መጥተው ጀርባ ተሰጣጥተው ሲበሉ አስቡት። እንዳይምታታባቸውም የፋይሉ ስም ላይ ረጅም ቁጥርና ፊደል ለጥፈውበታል።

«ይሄ ምንድን ነው?» አልኩት።

«ሼርድ ላይብረሪ ነው፣ ጋሼ።»

«ከማን ጋር?»