«መብራት ይበላል»፦ በአራተኛ ፎቅ የተካሄደ መጠነኛ ጥናት

የዚህ ጥናት መነሻ የ2,870 ብር የመብራት ቢል ነው። የቀደመው ወር 1,240 ነበር። አጥኚው በጉዳዩ ላይ ብዕሩን እንዲያነሣ የገፋፋው የዕውቀት ጥማት ሳይሆን በሁለቱ ቁጥሮች መካከል ያለው 1,630 ብር መሆኑን ከወዲሁ ማሳወቅ የሙያ ግዴታው ነው።

የጥናቱ ቦታ ጀሞ የሚገኝ ባለ ሁለት መኝታ የኮንዶሚኒየም ቤት ነው፤ ሳሎኑ በኮምፔርሳቶ ስለተከፈለ ሦስት መኝታ ሆኗል። በአንደኛው ክፍል ባልና ሚስት ከስምንት ወር ልጃቸው ጋር፣ በሁለተኛው አንዲት የኮሌጅ ተማሪ፣ ከኮምፔርሳቶው ወዲህ ደግሞ አጥኚው ይኖራሉ። ቤቱ ከእሳት ጋር ተቆራርጦ ሙሉ በሙሉ በኤሌክትሪክ የሚተዳደር ነው። ይህ የዘመናዊነት ምልክት ተደርጎ እንዳይወሰድ። ከሰል ኮሪደር ላይ ማቀጣጠል በብሎኩ ኮሚቴ ተከልክሏል፤ የላምባ ሽታ ኮምፔርሳቶ አያግደውም፤ የሲሊንደር ጋዝ ደግሞ ሲገኝ ገንዘብ የለም፣ ገንዘብ ሲገኝ ጋዙ የለም። ስለዚህ የሚቀቀለው፣ የሚጋገረው፣ የሚሞቀውና የሚተኮሰው ሁሉ በአንድ ቆጣሪ ያልፋል። ቆጣሪው በአከራያችን ስም ነው። ስሙ ብቻ።

በመስኩ ቀደም ሲል የተሠራ ሥራ ቢኖር የአከራያችን የቃል ድርሳን ነው። እትዬ (ሁላችንም እንዲህ ነው የምንጠራቸው) ሦስት ብሎክ አልፎ ይኖራሉ። ኪራይ በሚከፈልበት ቀን ይመጣሉ፣ ወደ ጣራው ቀና ብለው አምፖሎቹን ይቆጥራሉ፣ ከዚያ ድርሳኑ ይከፈታል፦ «ልጆቼ፣ መብራት እያጠፋችሁ! እኔ እኮ በመጣሁ ቁጥር ኮሪደሩን በጠራራ ፀሐይ በርቶ ነው የማገኘው። ታዲያ ቢሉ ምን ያድርግ?» አጥኚው የዚህን ትምህርት ተከታዮች አምፖላውያን ብሎ ሰይሟቸዋል።

አምፖላውያንን ማቃለል ግን አይገባም፤ በዘመኑ ትምህርታቸው ልክ ነበር። ባለ 100 ዋት የክር አምፖል በቀን አምስት ሰዓት ሲበራ በወር 15 ኪሎዋት ሰዓት ይፈጃል፤ አራት ከሆኑ 60። ከአምፖልና ከሬዲዮ በቀር የሚሰካ ነገር ባልነበረበት ቤት ይህ ማለት ሁሉም ነገር ማለት ነው። ለሰርቪስ ቤት ተከራይ የመብራት ሒሳብ በአምፖል ቁጥር መተመኑ፣ ካውያ ያለው ተጨማሪ መጠየቁ፣ የዚያ ዘመን ፍትሐ ነገሥት ነው። በኋላ ኃይል ቆጣቢው አምፖል መጣ፤ በ2000ዎቹ መጀመሪያ ባለ ክሩን ላስረከበ በነፃ ይሰጥ እንደነበር ብዙዎቻችን እናስታውሳለን። ዛሬ ጣራችን ላይ ያሉት ስድስት ኤልኢዲዎች እያንዳንዳቸው 9 ዋት ናቸው። ሁሉም በቀን አምስት አምስት ሰዓት ቢበሩ በወር 8 ኪሎዋት ሰዓት ግድም ነው። አምፖሉ ሁለት ጊዜ ተለወጠ፤ ድርሳኑ እንዳለ ነው።

ጥፋቱን በእትዬ ላይ ብቻ መጣል ደግሞ ግፍ ይሆናል፤ ቋንቋችንም እጁ አለበት። በአማርኛ ኤሌክትሪክ የሚባል ነገር መጽሐፍ ላይ እንጂ አፍ ላይ የለም። ያለው መብራት ነው። ፍሪጅ ሲቆም «መብራት ጠፋ»፣ በቀትር የወፍጮ ቤቱ ሞተር ሲነሣ «መብራት መጣ» እንላለን። ምጣድ መብራት ይበላል፤ ቦይለር መብራት ይስባል። ስሙ ወደ ጣራ እንድናይ ያስገድደናል፤ በላተኛው ግን የተቀመጠው ወለል ላይ ነው። በ1948 ዓ.ም. የተቋቋመውን ባለሥልጣን «የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ መብራትና ኃይል» ብለው የሰየሙት ሰዎች ልዩነቱ ገብቷቸው ነበር፤ በመብራትና በኃይል መካከል አንዲት «ና» አኑረዋል። ሕዝቡ «መብራት ኃይል» ብሎ «ና»ዋን ጣላት። መሥሪያ ቤቱ በ2006 ዓ.ም. ለሁለት ተከፍሎ ሌላ ስም ሲይዝም የሰማው ሰው ጥቂት ነው። የ1,630 ብሩ ችግር የጀመረው ያቺ «ና» የጠፋች ዕለት ነው የሚል መላ ምት አጥኚው አለው። ማስረጃ የለውም።

ወደ ልኬቱ እንለፍ። ለመሣሪያ መግዣ የሚሆን የምርምር በጀት ስላልተገኘ ቆጣሪው ራሱ በመሣሪያነት አገልግሏል። የብሎኩ ቆጣሪዎች ምድር ቤት፣ ደረጃው ሥር፣ በአንድ የብረት ሣጥን ውስጥ ተደርድረዋል። በየቆጣሪው ፊት አንዲት ቀይ ነጥብ ብልጭ ትላለች። በእኛው ላይ 1600 የሚል ቁጥር ታትሟል፤ ነጥቧ 1600 ጊዜ ብልጭ ስትል አንድ ኪሎዋት ሰዓት ሄደ ማለት ነው። እንግዲህ ሌላው ሁሉ ተነቅሎ አንድ ባለ 9 ዋት አምፖል ብቻ ሲበራ፣ ነጥቧ ብልጭ የምትለው በአራት ደቂቃ ከአሥር ሰከንድ አንድ ጊዜ ነው። አጥኚው ይህን ለማረጋገጥ በስልኩ ሰዓት ይዞ ደረጃው ሥር ቁጢጥ ብሎ ሳለ የብሎኩ ጥበቃ መጣ።

«ወንድሜ፣ ሰው ትጠብቃለህ?»

«አይ፣ አምፖል ነው።»

ጥበቃው ከዚያን ቀን ወዲህ አጥኚውን በጣም በትሕትና ነው የሚያናግረው።

ቀጥሎ ምጣዱ ተሰካ። ነጥቧ በአሥር ሰከንድ ውስጥ 15 ጊዜ ብልጭ አለች፤ አሥራ ስድስተኛዋ አከራካሪ ናት። ያገራችን የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3.5 እስከ 4 ኪሎዋት ይስባል። ሸክላው ሆድ ውስጥ በተቀደደ ጠመዝማዛ ቦይ የተዘረጋ ክር ነው የሚግለው፤ አብዛኛው ሙቀት መቆጣጠሪያ ስለሌለው ጋጋሪዋ ጎረቤት ጠርታት ብትወጣም እሱ ሥራውን አያቋርጥም። የሁለት ሰዓት ጋገራ 7 ኪሎዋት ሰዓት ይፈጃል። በዚህ ኃይል ባለ 9 ዋቱ አምፖል ቀንና ሌሊት ሳይጠፋ 32 ቀን ይበራል። በሌላ አነጋገር፣ ኮሪደር ላይ ተረስቶ ያደረ አምፖል የሚፈጀው ከአንዲት እንጀራ አይበልጥም። እሷም ብትሆን ማሟሻዋ ልትሆን ትችላለች።

እዚህ ላይ ስለ ማምሻው ጥቂት ማለት ያስፈልጋል። ሰፈሩ ሁሉ ምድጃ በሚሰካበት ሰዓት ቮልቴጁ ከ220 ወደ 180 ሲወርድ የምጣዱ ሙቀት በሲሦ ይቀንሳል፤ ሙቀቱ የሚከተለው የቮልቴጁን ብዜት በራሱ ነውና። እንጀራው ዓይን አያወጣም፣ አክንባሎው እንደተከደነ ይቆያል፣ ሚስትየው «መብራቱ ዛሬ ደካማ ነው» ትላለች። ባልየው ደካማ መብራት ርካሽ መብራት ይመስለዋል። ጋገራው ግን ሁለት የነበረው ሦስት ሰዓት ይሆናል፤ ሸክላው በዚህ ሁሉ ጊዜ ለኩሽናው አየር የሚለግሰው ሙቀትም ይቆጠራል።

የቀረው በአጭሩ ይህን ይመስላል። 50 ሊትር የሚይዘው ቦይለር ውሃውን ከ18 ዲግሪ ወደ 60 ለማድረስ 2.4 ኪሎዋት ሰዓት ይወስዳል፤ አምስት ነፍስ ሲታጠብበት በወር ወደ 150 ይደርሳል። የሦስቱ ክፍል ምድጃዎች 100፣ ሁለቱ ፍሪጆች 70፣ የባልና ሚስቱ ጋገራ 30፣ አምፖሎቹ 8፣ ካውያው፣ ቴሌቪዥኑና ልዩ ልዩው 20። ድምሩ 378። የቀደመው ወር ደረሰኝ 381 ይላል። በዚህ መስክ የሦስት ስሕተት ከተአምር አይተናነስም።

የዚህ ወር ደረሰኝ ግን 603 ይላል። ቀሪው 225 ኪሎዋት ሰዓት በየትኛውም ክፍል፣ በየትኛውም ሶኬት ሊገኝ አልቻለም። የሥነ ፈለክ ሊቃውንት መኖሩን በስሌት ደርሰውበት በዓይን ያጡትን ነገር ጨለማ ኃይል ይሉታል። አጥኚው ያገሩን ቋንቋ ጠብቆ ጨለማ መብራት ብሎታል።

ጨለማ መብራት የቤቱን ሰላም አናጋ። ተማሪዋ ክፍያው በክፍል ይሁን አለች፤ 956 ብር ከ67 ሳንቲም። ወዲያው ሐሳቧን ለውጣ በራስ ይሁን አለች። በዚህ ጊዜ ሕፃኑ ራስ ነው አይደለም የሚል ክርክር ተነሣ።

«ሕፃን እኮ መብራት አያበራም» አለ አባት።

«ጨለማም አይወድም» አለች ተማሪዋ።

አባት ተቆጣ። በሕፃኑ ስም ሳይቀር ለታላቁ ሕዳሴ ግድብ ቦንድ መግዛቱን፣ ግድቡ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. መመረቁን፣ ስለዚህ ልጁ ከፋይ ሳይሆን ባለድርሻ መሆኑን አስረዳ። አጥኚው ከጎራ ለመራቅ ስሌት ውስጥ ገባ። የግድቡ ዐቅም 5,150 ሜጋዋት ነው፤ ይህም በአንድ ጊዜ 1,471,428 ምጣድ ያግላል። ውጤቱ ለስብሰባው ሲቀርብ ማንም አልተጽናናም።

ከስብሰባው የተገኘ ቁም ነገር ቢኖር እርከኑ ነው። የመኖሪያ ቤት ታሪፍ በሰባት እርከን የተከፈለ ነው፤ የመጀመሪያው እስከ 50 ኪሎዋት ሰዓት፣ የመጨረሻው ከ500 በላይ። በ2011 ዓ.ም. የተጀመረው ማሻሻያ ሲጠናቀቅ የታችኛው 27 ሳንቲም ግድም፣ የላይኛው 2 ብር ከ48 ሳንቲም ነበር፤ ዘጠኝ እጥፍ መሆኑ ነው። ከ2017 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ ዋጋው ደረጃ በደረጃ ሽቅብ እየሄደ ነው። ሦስታችን በየራሳችን ቆጣሪ ብንኖር እያንዳንዳችን 126 ኪሎዋት ሰዓት ይዘን ሦስተኛው እርከን ላይ እንቀመጥ ነበር። ተደምረን አምስተኛው ላይ ወጣን፤ ጨለማ መብራት ሲታከልበት ሰባተኛው። ሦስት ድሃ በአንድ ቆጣሪ ሲደመር አንድ ሀብታም ይወጣዋል። ቆጣሪው ኮምፔርሳቶ አያይም።

አጥኚው ለአንድ ሳምንት ጠዋትና ማታ ቆጣሪውን መዘገበ። በሥራ ቀን ቤቱ ባዶ ነው፤ ሕፃኑም አያቱ ዘንድ ይውላል። ማክሰኞና ሐሙስ ባዶው ቤት አንድ ኪሎዋት ሰዓት ያህል ፈጀ፤ ይህ የፍሪጆቹ ነው። ሰኞና ረቡዕ ግን ሰው በሌለበት 18 ተኩል ሄዷል። የኩሽናው ወለል ማታ ማታ ለብ ይላል፤ ቤቱ የጎመን ዘር ይሸታል። ጠረጴዛው ላይ ደግሞ በእነዚያው ቀናት በጨርቅ የተሸፈኑ ሁለት ትኩስ እንጀራዎች ይገኛሉ። የቤቱ አባላት ይህን የጎረቤት ደግነት አድርገው ተቀብለው፣ ዕድሜ ይስጥልን እያሉ፣ ለጥናቱ ሳይጠቅሱት በልተውታል። እዚህ ላይ የጥቅም ግጭትን መግለጽ የግድ ነው፤ አጥኚው ለብቻው ዘጠኝ በልቷል።

ዓርብ ከመሥሪያ ቤቱ የሕመም ፈቃድ ወስዶ ቀረ። ከረፋዱ አራት ሰዓት ላይ ቁልፍ በበሩ ዞረ። እትዬ ነበሩ፤ በአንድ እጃቸው የሊጥ ባልዲ፣ በሌላው ሰፌድ።

«ውይ ልጄ! ዛሬ ሥራ የለም እንዴ?»

«አለ እትዬ፣ ትንሽ አሞኝ ነው።»

«እግዜር ይማርህ። ቆይ፣ ትኩሱን ትቀምሳለህ።»

ቃለ መጠይቁ የተካሄደው በጋገራው መሐል ነው። እትዬ ልጃቸው አዲስ ለከፈተችው ሱቅ በሳምንት ሦስት ቀን፣ በቀን መቶ መቶ እንጀራ ይጋግራሉ። አምስት ሰዓት ይፈጃል። 3.5 በ5 ሲባዛ 17.5፤ በሳምንት 52.5፤ በወር 225። አጥኚው በሙያ ዘመኑ እንዲህ ያለ ንጹሕ ስሌት አጋጥሞት አያውቅም፤ ደስታውንም ሊደብቅ አልቻለም። በራሳቸው ቤት የማይጋግሩት ለምን እንደሆነ ሲጠየቁ እንዲህ አሉ፦ «የእኔ ቆጣሪ እኮ የካርድ ነው፣ ልጄ። ምጣድ ስሰካ ቁጥሩ ዓይኔ እያየ ቁልቁል ይወርዳል፤ ልቤን ይሰውረኛል። ምጣዱም ቢሆን የለመደው እዚህ ነው።»

ዐሥራ ሁለተኛዋን እንጀራ አውጥተው ለአጥኚው ሰጡት። ከዚያ እጃቸውን በማሰሻው ጠረግ ጠረግ አድርገው ወደ ኮሪደሩ ብቅ አሉ፤ ቀና ብለውም አዩ።

«ይኸው! ይኸው በቀን! ኧረ መብራት እያጠፋችሁ፣ ልጆቼ።»

አጠፉትና ወደ ምጣዱ ተመለሱ።

ግኝቱ በዚያው ምሽት ለቤቱ አባላት በዝግ ስብሰባ ቀረበ። ለእትዬ ማን ይንገራቸው የሚለው አጀንዳ ሁለት ሰዓት ወሰደ። ከተነገራቸው ኪራይ ይጨምራሉ፣ ካልተነገራቸው ቢሉ ይጨምራል፤ ቢሉ ግን ቢያንስ ከሁለት እንጀራ ጋር ነው የሚመጣው። በሙሉ ድምፅ ዝምታ ጸደቀ። ሕፃኑ ድምፅ ያለው መሆን አለመሆኑ በይደር ተላልፏል።

በኪራይ መክፈያው ቀን እትዬ ሲመጡ ስጦታ ይዘው ነበር። «ቢሉ እንደበዛባችሁ ሰማሁ፤ አዘንኩ» አሉና ከቦርሳቸው አንድ ባለ 5 ዋት አምፖል አውጥተው በኮሪደሩ 9 ዋት ምትክ በአጥኚው እጅ አስገጠሙ። በቀን አምስት ሰዓት ቢበራ በወር 0.6 ኪሎዋት ሰዓት ይቆጥባል። ኮሪደሩ አሁን ደብዘዝ ያለ ነው። የሚቀጥለው ወር ደረሰኝ የደረሰ ዕለት አጥኚው ቁጥሩ አልታይ ብሎት በስልኩ ባትሪ አበራበት።