ጉዳዩ፦ አንድ መታወቂያ የያዙ ሁለት መጋዞች እንዲለዩ ስለመጠየቅ

ለሽቲል ኩባንያ የሞዴል ስያሜ ሰጪዎች
ዋይብሊንገን፣ ጀርመን

አንድሬያስ ሽቲል እ.ኤ.አ. በ1926 ሽቱትጋርት ላይ የመሠረተው ኩባንያ ግንድ የመቁረጥን ድካም ከሰው ትከሻ ወደ ሞተር በማሸጋገር የሠራው ሥራ የማይካድ ሲሆን፣ በተለይ እ.ኤ.አ. በ1959 ኮንትራ የተባለውን መጋዝ ሲያወጣ ሰንሰለቱ በመካከል ማርሽ ሳይገባበት በቀጥታ ከሞተሩ ጋር እንዲሽከረከር ማድረጉ በሙያው ታሪክ ውስጥ በክብር ይነሣል። ይህ ደብዳቤም ያንን ክብር ለመንካት የተጻፈ አይደለም። የሚጠይቀው፣ ግንድ እንዲህ ቀጥ አድርጎ የሚቆርጥ መሣሪያ የሚሠራ ኩባንያ ለሥራው ስም ሲያወጣ ብቻ መስመሩን የሚስትበት ምክንያት እንዲጣራ ነው።

የአቤቱታው መነሻ 044 የተባለው መጋዝ ነው። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መገባደጃ ለገበያ የቀረበው ይህ መሣሪያ የጓሮ ቅርንጫፍ ለሚመለምል ሳይሆን ቀኑን ሙሉ ዛፍ ሲጥል ለሚውል ባለሙያ የታሰበ ሲሆን፣ የሞተሩ ቤት ከማግኒዚየም የተሠራ፣ ፒስተኑ የሚመላለስበት የሲሊንደር ጉድጓድ ስፋት 50 ሚሊ ሜትር፣ የምልልሱ ርዝመት 36 ሚሊ ሜትር፣ ከእነዚህ ተሰልቶ የሚገኘው የሞተሩ ይዘት ደግሞ 70.7 ሴንቲ ሜትር ኩብ ነው። እዚህ ላይ የኩባንያው ዋነኛ ጥፋት ጥራት መሆኑ ሊሰመርበት ይገባል፤ መጋዙ እንደ ብዙዎቹ ቶሎ ቢሞት ኖሮ ማንነቱን የሚጠይቅ ባልኖረ ነበር። እርሱ ግን የመጀመሪያ ባለቤቶቹን በጡረታ አሰናብቶ፣ ከሁለተኛና ከሦስተኛ እጅ አልፎ፣ ዛሬም በጥገና ባለሙያዎች ጠረጴዛ ላይ ይቀመጣል፤ ባለሙያውም መለዋወጫ ለማዘዝ ሲነሣ ከሻጩ የሚመጣለት የመጀመሪያ ጥያቄ «የትኛው 044?» የሚል ነው።

ጥያቄው የተገባ ነው። በቀደሙት 044ዎች የፒስተኑ ፒን፣ ማለትም ፒስተኑን ከቤላው ጋር የሚያያይዘው አጭር የብረት ዘንግ፣ 10 ሚሊ ሜትር ውፍረት የነበረው ሲሆን በኋለኞቹ 12 ሚሊ ሜትር ሆኗል። ቤላ የሚባለው የፒስተኑን ውጣ ውረድ ወደ ኮሎው፣ ማለትም ወደ ሞተሩ ተሽከርካሪ ዘንግ የሚያስተላልፈው ክንድ በመሆኑ ፒኑ ሲወፍር የቤላው ላይኛ ቀዳዳ፣ በቀዳዳው ውስጥ ያለው ኩሽኔታና ፒስተኑ ራሱ አብረው ይለወጣሉ፤ ስለዚህ የአንዱ ፒስተን ለሌላው ቤላ አይሆንም። በመጋዙ ሽፋን ላይ የተለጠፈው ቁጥር ግን ይህ ሁሉ ሲሆን ንቅንቅ አላለም። ፒኑ ከኮሎው ጋር ትይዩ ሆኖ ስለሚተኛ ማርሚታውን አውርዶ በጭስ መውጫው ቀዳዳ አጮልቆ ማየትም አይፈይድም፤ ባለሙያው ምን መግዛት እንዳለበት ለማወቅ አስቀድሞ ሲሊንደሩን ፈትቶ በካሊፐር መለካት ግድ ይሆንበታል። ማንነትን ከመታወቂያ ሳይሆን ከቀዶ ጥገና በኋላ የማረጋገጥ አሠራር በሕክምናው ዓለም እንኳ እምብዛም ያልተለመደ በመሆኑ ኩባንያው በዚህ ረገድ ፈር ቀዳጅነቱን አስመስክሯል።

ነገሩ በዚህ ቢያበቃ የስም ቁጠባ ነው ተብሎ በታለፈ ነበር። ይሁን እንጂ እ.ኤ.አ. በ2000 አካባቢ ኩባንያው ለመጋዞቹ አዲስ አሰያየም ሲያወጣ 044 ሁለት ፊደላት ከፊቱ፣ ዜሮው ደግሞ ከኋላው ሆኖ ኤምኤስ 440 ተባለ፤ የሲሊንደሩ ስፋት እዚያው 50፣ ምልልሱም እዚያው 36 ነው። በዚህም መሠረት ሆዱ ሲለወጥ ስሙ ጸና፣ ስሙ ሲለወጥ ሆዱ ጸና። ይህን መርህ ያረቀቀው አካል ማን እንደሆነ ቢገለጽ ለሌሎች ተቋማትም ልምድ ይቀሰምበታል።

በሞተሩ ቤት ላይ የተመታው ተከታታይ ቁጥር ይህን ይፈታል የሚል መልስ ሊሰጥ ይችል ይሆናል። ያ ቁጥር ግን የተሠራበትን ዓመት በግልጽ የማይናገር በመሆኑ፣ ዘመኑን የሚሻ ሰው ወደ ወኪሉ መዝገብ ሄዶ መለመን ይኖርበታል። የመለዋወጫ ቁጥሩ ከዚህ ይሻላል፤ በአሥራ አንድ አኃዝ የሚጻፍ ሆኖ የመጀመሪያዎቹ አራቱ የመጋዙን ቤተሰብ፣ ቀጣዮቹ ሦስቱ የክፍሉን ዓይነት ያመለክታሉ፤ ለምሳሌ 120 ካርቡራተርን፣ 140 ማርሚታን፣ 640 የዘይት ፓምፕን የሚመለከት ነው። ሆኖም የ044 ቤተሰብ መለያ የሆነው 1128 ለታላቅ ወንድሙ ለ046ም፣ ለኤምኤስ 440ም፣ ለኤምኤስ 460ም የሚያገለግል ስለሆነ ሽፋኑ ላይ ያለው ቁጥር ሁለት መጋዞችን በአንድ ስም ሲጠራ፣ ይህኛው አራት ስሞችን በአንድ ቁጥር ይጠቀልላል።

አሮጌ መጋዝ መልሶ ማደስ ምን እንደሚጠይቅ ስያሜ ሰጪዎቹ ቢያውቁት መልካም ነው። ከሠላሳ ዓመት በኋላ የሚመጣው 044 አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ እናት አልተወለደም፤ ሽፋኑ ከአንዱ፣ የነዳጅ ታንኩና እጀታው ከሌላው፣ ሲሊንደሩ ከሦስተኛው ተገጣጥሞ የቆመ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ በቀላሉ የሚፈታና የሚለወጥ ማንኛውም ፕላስቲክ፣ የታንኩን ክዳን ጨምሮ፣ ለምስክርነት አይበቃም፤ ማንነቱ የሚጣራው ከውስጥ ወደ ውጭ፣ ከኮሎውና ከቤላው ተነሥቶ ነው። ፒስተኑ ተቧጭሮ ከተገኘም አዲስ ፒስተን ከማዘዝ በፊት የቧጨረውን ማወቅ ያስፈልጋል፤ የኮሎው ዘይት ከልካይ ላስቲክ ወይም የካርቡራተሩ ማያያዣ ጎማ አየር ካስገባ ሞተሩ ከነዳጁ ጋር የተቀላቀለው ዘይት እያነሰው ይግላል፣ ፒስተኑም ከግድግዳው ጋር ይጣበቃል፤ መንስኤው ሳይገኝ የተገጠመው አዲስ ፒስተንም የአሮጌውን መንገድ ይከተላል። በመሆኑም መግቢያና መውጫው ተደፍኖ ሞተሩ በግፊትም በመሳብም ይፈተናል፤ ሁለቱም የሚያስፈልጉት ግፊት የሚችል ላስቲክ ሲሳብ ሊያሾልክ ስለሚችል ነው። በሲሊንደሩ ግድግዳ ላይ የተለጠፈው የፒስተን አሉሚኒየም በሃይድሮክሎሪክ አሲድ በጥንቃቄ ይነሣል፤ ግድግዳውን የለበጠው ጠንካራ ንጣፍ አሲዱን በመጠኑ ሲቋቋመው፣ ንጣፉ ከተላጠ ግን አሲዱ ከሥሩ ያለውን የሲሊንደሩን አሉሚኒየም መብላት ይጀምራል። እንዲህ ያለ ትዕግሥት የፈጀ ባለሙያ በመጨረሻው ሰዓት የደረሰው ፒስተን በ2 ሚሊ ሜትር ልዩነት አልገባም ሲለው የሚናገረውን በዚህ ደብዳቤ ማስፈር የጨዋ ልማድ አይደለም።

ነገሩን የሚያወሳስበው ሌላው ጉዳይ ገበያው ነው። ለ044 የሚሆን ባለ 52 ሚሊ ሜትር ሲሊንደርና ፒስተን በሌሎች አምራቾች ተሠርቶ ይሸጣል፤ ምልልሱ 36 እንደሆነ ስለሚቀር ይዘቱ 76.5 ሴንቲ ሜትር ኩብ ይደርሳል፣ ይህም የ046 ልክ ነው። መታወቂያው 044 የሚል፣ ሆዱ 046 የሆነ መጋዝ በዚህ መንገድ ይወለዳል። በቻይና የሚሠራው የኤምኤስ 440 ቅጂ በበኩሉ ጂ444 ተብሎ በራሱ ቁጥር ይሸጣል፤ ቅጂው ራሱን ከዋናው መለየቱ፣ ዋናው ግን ራሱን ከራሱ አለመለየቱ ለስያሜ ሰጪዎቹ ማሰላሰያ ሊሆን ይችላል።

የስዊድኑ ሁስክቫርና ደግሞ 34 ሚሊ ሜትር ምልልስ ያላቸውን መጋዞቹን እንደ ስፋታቸው ለይቶ፣ ባለ 48ቱን 61፣ ባለ 50ውን 268፣ ባለ 52ቱን 272 ብሎ ጠርቷል። ቁጥሮቹ ውበት የላቸውም፤ ሻጩ ግን ሲሊንደር ሳያስፈታ ዋጋውን ይናገራል።

ስለሆነም ኩባንያው ያለፈውን መመለስ ባይችልም፣ ወደፊት የፒስተን ፒን ውፍረት ሲለወጥ በሞተሩ ቤት ላይ፣ ሳይፈታ በሚታይ ቦታ፣ «10» ወይም «12» የሚል ሁለት አኃዝ እንዲመታ በአክብሮት ይጠየቃል። ሽፋኑን ማስዋብ አያስፈልግም።

ከሰላምታ ጋር፣
የአሮጌ መጋዝ አዳሾች

ግልባጭ፦
ለ046፣ በይዘቱ ልክ ሌሎች እየተሠሩ መሆኑን እንዲያውቀው፤
ለኤምኤስ 440፣ የቀድሞ ስሙን ይዞ እንዲቀርብ፤
ለ044 (ባለ 10)፣ ለመረጃ፤
ለ044 (ባለ 12)፣ ለመረጃ፤ ግልባጩ ለየትኛው እንደደረሰ ሲሊንደሩ ተፈትቶ ይረጋገጥ።