ባና ለብሶ ካርቱን መሥራት

ካርቱን ልሥራ ብለው የተነሡ ወጣቶች መጀመሪያ የሚጣሉት በሶፍትዌር ነው። አንዱ ያለ ፕሪሚየር ፊልም የለም ብሎ ይገዘታል፤ ሌላው ዳቪንቺ ሪዞልቭን ገና ሳይጭነው በስሙ ይምላል፤ ሦስተኛው ካፕከት ስልኩ ላይ ስላለ ብቻ ራሱን ዳይሬክተር አድርጎ ሾሟል። ክርክሩ ሲያልቅ የፊልሙ ርዕስ አለ፣ ፖስተሩም አለ፣ አንድ ሥዕል ግን የለም። ለሦስቱም የሚሆን መልስ አለኝ፤ ሦስቱንም የሚያስደስት ግን አይደለም። የግዳኗ ሙጃም ይሁን ላሊበላ ከተማ፣ ቤቱ ተቀምጦ አኒሜሽን የሚሠራ ሰው አስቀድሞ መምረጥ ያለበት የድምፅ ማቀናበሪያውን ነው። የምስሉማ ላፕቶፑ የቻለው ትንሹ ይበቃዋል።

ነገሩ ከሒሳብ ይጀምራል። በካሜራ የሚቀርጽ ሰው አሥር ሰዓት ቀርጾ አንዷን ያስቀራል፤ ኤዲተር የሚባለው ባለሙያም የሚኖረው በሚጣለው ዘጠኝ ሰዓት ነው። በአኒሜሽን ግን ማን ሥሎ ይጥላል? ሲኒማ በሰከንድ 24 ምስል ያሳያል፤ በእጅ የሚሥሉት ሰዎች እያንዳንዱን ሥዕል ሁለት ሁለት ጊዜ እያሳዩ በ12 ይገላገላሉ። በ12ም ቢሆን አንድ ደቂቃ 720 ሥዕል ነው። ይህን ሁሉ የሣለ ሰው ፊት ቀርቦ «መሃሉ ረዝሟል፣ እንቁረጠው» ለማለት ሽማግሌ ይዞ መሄድ ያስፈልጋል። ስለዚህ መቁረጡ የሚያልቀው ሥዕሉ ሳይጀመር ነው፦ ንግግሩ ይቀረጻል፣ ይመጠናል፣ ዝምታው ሳይቀር ይለካል፣ ከሥሩ ጫር ጫር የተደረገ ንድፍ ይደረደራል፤ እውነተኛው ሥዕል ከዚያ ወዲያ ድምፁን እየተከተለ ይመጣል። የዲዝኒ ሰዎችም ቢሆኑ ድምፁን ቀድመው ቀርጸው የገጸ ባሕሪውን አፍ በዚያ ልክ ነው የሚያንቀሳቅሱት። ምስል ማቀናበሪያው ዘንድ ሲደረስ የሚቀረው ሥራ በተርታ ደርድሮ ከድምፁ ጋር ማውጣት ብቻ ነው። ለዚህች ባለ መቶ መስኮት ሶፍትዌር መጫን ለአንድ እንግዳ ድንኳን መትከል ነው።

ማሽኑም በዚህ ከእኔ ጋር ይስማማል። 1920 በ1080 የሆነ አንድ ምስል ሳይታመቅ ኮምፒውተሩ ውስጥ ሲዘረጋ 6 ሜጋባይት ገደማ ይይዛል። በ48 ኪሎኸርትዝና በ16 ቢት የሚቀረጽ ሰው ግን 6 ሜጋባይት ለመሙላት አንድ ደቂቃ ሙሉ መለፍለፍ አለበት። ባለ 4 ጊጋባይት ራም አሮጌ ላፕቶፕ በድምፅ ጎበዝ፣ በምስል ግን አቅመ ቢስ የሚሆነው ለዚህ ነው። ዳቪንቺ ሪዞልቭ ነፃ ቅጂ አለው፣ አይካድም፤ ተመቻችቶ ለመሥራት ግን 16 ጊጋባይት ራምና ደህና ግራፊክስ ካርድ ይፈልጋል፤ ነፃ የሆነው ሶፍትዌሩ እንጂ ኮምፒውተሩ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2000 የወጣው የድምፅ ማቀናበሪያ ኦዳሲቲ ግን የገንዘብም የጉልበትም ጥያቄ አያበዛም። መብራት ሄዶ ባትሪ የሞተበት ላፕቶፕ ድርግም ቢል እንኳ፣ ተመልሶ ሲከፈት ያላስቀመጡትን ሥራ «ልመልስልህ?» ብሎ ይጠይቃል። በእኛ አገር ይህን ያህል ትሕትና ከማሽን ቀርቶ ከሰውም ብርቅ ነው። ኢንተርኔትም አይለምንም። በአማራ ክልል ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት መቋረጡን የሚያስታውስ ሰው፣ ክፍያውን በየወሩ፣ ፈቃዱን በመስመር በሚያረጋግጥ ሶፍትዌር ላይ ፊልሙን አይጥልም።

«ልጆች የሚያዩት ሥዕሉን ነው፤ ድምፅ ምን ያደርጋል?» የሚል አይጠፋም። ለእርሱ አባባ ተስፋዬ መልሰውለታል። ተስፋዬ ሣህሉ ከቴሌቪዥናችን የመጀመሪያ ዓመታት አንሥቶ ከ40 ዓመት በላይ ለልጆች ተረት ሲያወጉ ከጀርባቸው የሚሮጥ አንበሳ አልነበረም፤ አንበሳውም ጅቡም ጦጣዋም ያሉት ጉሮሯቸው ውስጥ ነበር። (ፊታቸው ራሱ ግማሽ ካርቱን ነበር የሚል ካለ አልከራከረውም።) በስማቸው ላስታን የሚያስታውሱን ላሊበሎችም ከጎሕ በፊት ደጅ ላይ ቆመው ሲያዜሙ መልካቸውን የሚያይ የለም፤ የቤቱ ሰው ግን ከሞቀ መኝታው ተነሥቶ ሳንቲም ይፈልጋል። ሰውን ከአልጋ የሚያስነሣ ሥዕል እስካሁን አልተሠራም። የልጆች ፕሮግራሟ «ፀሐይ መማር ትወዳለች»ም ብትሆን፣ ብሩክታዊት ጥጋቡና ባለቤቷ ከቤታቸው ሳሎን፣ በእጅ በተሠሩ አሻንጉሊቶች የጀመሯት ናት። የስድስት ዓመቷ ቀጭኔ ፀሐይ እ.ኤ.አ. በ2008 ሙኒክ ድረስ ሄዳ በልጆች ቴሌቪዥን ውድድሩ በፕሪ ዠኔስ ስትሸለም፣ ከጨርቅ መሠራቷን ማንም አልቆጠረባትም።

የተማረው ተከራካሪ ደግሞ «ፍሎው»ን ይዞ ይመጣል። የላትቪያው ጊንትስ ዚልባሎዲስ የድመቷን ፊልም በነፃው የአኒሜሽን ሶፍትዌር በብሌንደር ሠርቶ እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2025 ኦስካር ወሰደበት፤ በፊልሙ አንድም ቃል አይነገርም፤ ታዲያ የድምፁ ቅድሚያ የታለ? ጥያቄው ጥሩ ነው፤ መልሱ ግን ግመል ነው። የፊልሙ እንስሳት ድምፅ ከእውነተኛ እንስሳት የተቀረጸ ሲሆን፣ ካፒባራ የሚባለው የደቡብ አሜሪካ እንስሳ ድምፁ ለገጸ ባሕሪው ቀጥኖ ስለተገኘ የግመል ግልገል ተተክቶለታል። ቃል የሌለው ፊልም ለአንድ እንስሳ ጉሮሮ ግመል ቤት ድረስ ከሄደ፣ እኛማ ግመሏ ወሎ ቆላ ውስጥ አለችልን። ደግሞም 3.5 ሚሊዮን ዩሮ ገደማ የወጣበት ፊልም ለሳሎን ሠሪ ምሳሌ አይሆንም። ብሌንደርን መናቄ ግን አይደለም፤ አዲሶቹ ቅጂዎቹ አሮጌ ላፕቶፕን ከደጃፍ ቢመልሱም፣ የሚችለው ሰው ማቀናበሪያው እዚያው ውስጥ ስላለለት ሌላ ምንም አያስፈልገውም። ከእርሱ ተጠቃሚዎች አንድ ልማድ መውሰድ ይበጃል፦ ሬንደር ሲያደርጉ ፊልሙን በአንድ ፋይል ሳይሆን በተናጠል ምስሎች ያወጡታል። መብራት 500ኛው ምስል እንዳለቀ ቢሄድ፣ ሲመጣ ከ501 ይቀጥላሉ። በአንድ ፋይል ያወጣ ሰው ከአንድ ይጀምራል፤ ከዚያም ሶፍትዌሩን ይሳደባል።

«ፕሪሚየርስ ቢሆን ክራኩን በፍላሽ አስጭነን የለ?» የሚለው ተቃውሞ በተግባር ከሁሉ የበረታው ነው፤ ዋጋው ዜሮ ነውና። ግን ከክራኩ ጋር አብሮ የሚገባውን ቫይረስ ማን እንደጋበዘው አይታወቅም፤ አንድ ቀን አልከፈትም ቢል ደግሞ አቤት የሚባልበት የለም። ነፃዎቹ የምስል ማቀናበሪያዎች ኬዲኤንላይቭና ሾትከት ያለ ሌብነት ይሠራሉ፤ ለደካማ ማሽንም ምስሉን በቀለለ ቅጂ ተክተው ያሠራሉ። በካፕከትም ፊልም ይወጣል፤ አልከለክልም፤ ድምፁን ሌላ ቦታ አጽድተው ይምጡ እንጂ።

የቀረው ቀረጻው ነው። በዚህ ደግሞ የደጋ ሰው ሳያውቀው ሀብታም ነው። የከተማ ስቱዲዮ ለድምፅ መምጠጫ ስፖንጅ ይገዛል፤ ደገኛው የበግ ጠጉር ባናውን ግድግዳው ላይ ሰቅሎ፣ አንዱንም ተከናንቦ ቢናገር ማስተጋባቱ ይሞታል። የቆርቆሮ ጣሪያ በክረምት ጠላት ነው፤ የሣር ክዳን ቤት ያለው ዘመድ በዚህ ወቅት ሊከበር ይገባዋል። ውሻውን አስሮ ማራቅ፣ በጎቹንም አርቆ ማሰማራት ይቻላል። ዶሮ ግን ለማንም አይታዘዝም። መልካሙ ንግግር መሃል ከጮኸ ቀረጻውን ከመድገም፣ እዚያ ትዕይንት ላይ አጥር ሠርቶ አንድ ዶሮ መሣል ይቀላል።