እጅህን ሰብስበህ ቀዶ ጥገና ተማር

«ሮቦት ቀዶ ጥገና ሠራልኝ» ብሎ የሚፎክር ካጋጠማችሁ አትመኑት። ዳ ቪንቺ የሚሉት ማሽን ካልታዘዘ ክር አይበጥስም። ሐኪሙ ከአልጋው ራቅ ብሎ፣ ፊቱን መመልከቻው ላይ ደፍቶ፣ በጣቱና በእግሩ ያዘዋል።

«ተቀምጦ ነዋ የሚሠራው!»

አዎ፤ ቆሞ የቀረው ተማሪው ነው።

ሆድ በሰፊው ሲከፈት ተማሪው ሐኪም፣ ሬዚደንቱ፣ ይፈለግ ነበር። ቁስሉን ወጥሮ ይይዛል፣ ደም ይመጥጣል፣ ክር ይቋጥራል፤ እጁም ሳያውቀው ይማራል። አሁን ካሜራውንም መሣሪያውንም አንድ ሰው ብቻውን ያዝዛል። ማቲው ቢን የተባለ አሜሪካዊ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ2019 ባሳተመው ጥናት፣ ሙያው የገባቸው ጥቂት ሬዚደንቶች ከደንቡ ውጪ በጓሮ በር የተማሩት ናቸው ይላል።

«ሲሙሌተር አለላቸው እኮ!»

አለ። ቀለበት በሽቦ ላይ ማሳለፍ ያለማምዳል። ቀለበት ግን አይደማም።

«ለአስተማሪና ለተማሪ ሁለት መቆጣጠሪያ ያለውስ?»

እሱም እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ አለ። እንደ መንጃ ፈቃድ ማሠልጠኛ መኪና መሆኑ ነው፤ ልዩነቱ የመኪናው አሠልጣኝ መሪውን አንዳንዴ ይለቃል።

«ሠርተፊኬት ይዣለሁ» ባይም አለ። በዋሽንግተን ግዛት እ.ኤ.አ. በ2008 አንድ ሐኪም በተቆጣጣሪ ፊት 2 ሰው በሮቦቱ ሠራና፣ ለብቻው የመጀመሪያውን ፕሮስቴት ሊያወጣ ገባ። ታካሚው ክፉኛ ተጎዳ። አምራቹ ሐኪሙን ማስጠንቀቄ ይበቃል ብሎ ተከራከረ። የግዛቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2017 ሆስፒታሉንም ማስጠንቀቅ ነበረብህ አለው። ሐኪሙ ይወቅ፣ ሆስፒታሉ ይወቅ፤ የሚቀደደው ሰውዬስ በማን ይወቅ?

እ.ኤ.አ. በ2001 ደግሞ፣ ዜውስ በተባለ ሌላ ሮቦት፣ ፈረንሳዊው ሐኪም ማርስኮ ኒውዮርክ ተቀምጦ ስትራስቡርግ የተኛችን ሴት ሐሞት ከረጢት አወጣ። እሰይ! ውቅያኖስ የተሻገረው መቆጣጠሪያ አጠገብ ላለው ተማሪ መሻገር ምነው አቃተው?

«ቢሳሳትስ?» ይላሉ ፕሮፌሰሩ።

እርስዎ አጠገቡ እያሉ ይሳሳት እንጂ! ወይስ ጡረታ ወጥተው አልጋው ላይ ሲጋደሙ በእርስዎ ይጀምር?