ከቡና በፊት፣ ከቡና በኋላ

የሰፈራችን ዕድር ሁለት መተዳደሪያ ደንብ አለው። አንደኛው ከቡና በፊት የተጠረዘው ነው፤ ሁለተኛው ከቡና በኋላ የተጠረዘው። ሁለቱም 16 ገጽ ናቸው፣ ሁለቱም ማኅተም አላቸው፣ በአንድ ቀን ከአንድ ማሽን ወጥተዋል። ልዩነታቸው የሚታወቀው ሰው ሲሞት ወይም ሰው ሲቀጣ ነው።

ነገሩ የመጣው ከቅናት ይመስለኛል። በ2014 ዓ.ም. የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል ሲመሠረትና ቦንጋ ከክልሉ መቀመጫ ከተሞች አንዷ ስትሆን ወረቀት በዛ። መመሪያው፣ ማኑዋሉ፣ የሥልጠና ሰነዱ በየእጁ ሆነ። ዕድራችን «እኛስ ከቢሮ በምን እናንሳለን?» አለና የተሻሻለው ደንብ ኪስ የምትገባ ትንሽ መጽሐፍ ሆኖ እንዲታተም ወሰነ። ለ120 አባል ብሎ ጅማ ማተሚያ ቤት ድረስ የሚሄድ የለም። ፎቶ ኮፒ ቤት ገባን።

ልጅቷ ፋይሉን ከፈተች፣ «ቡክሌት» የሚለውን ነካች፣ የመጀመሪያዋን ኤ4 ወረቀት አወጣችልን። በስተግራ ገጽ 16፣ በስተቀኝ ገጽ 1። የዕድሩ ዳኛ መነጽራቸውን አወለቁ፣ ጠረጉ፣ መልሰው አደረጉ።

«ልጄ፣ አንድንና አሥራ ስድስትን ምን አገናኛቸው?»

«አባባ፣ ሲታጠፍ ይስተካከላል።»

«ታዲያ ሳይታጠፍ ለምን አይስተካከልም?»

ይህን ጥያቄ እስከ ዛሬ የመለሰ የለም። ልጅቷ ግን አልተከራከረችም። ከቅርጫት አራት የተበላሹ ወረቀቶች አነሣች፣ አንዱን በሌላው ውስጥ አድርጋ ከመሐል አጠፈች፣ እንደ መጽሐፍ እየገለጠች ከ1 እስከ 16 በእስክሪብቶ ቁጥር ጻፈችባቸው። ከዚያ ዘረጋቻቸው። የላይኛው ወረቀት ፊቱ 16 እና 1፣ ጀርባው 2 እና 15። ቀጣዩ 14 እና 3፣ ጀርባው 4 እና 13። ሦስተኛው 12 እና 5፣ ጀርባው 6 እና 11። የውስጠኛው 10 እና 7፣ ጀርባው 8 እና 9። «ጎን ለጎን ያሉትን ደምሯቸው፤ ሁሌም 17 ነው» አለች። ገንዘብ ያዡ ስምንቱንም ጥንድ አንድ በአንድ ደመሩ። «ሒሳቡስ ልክ ነው» አሉ፣ ጉድለት አገኛለሁ ብሎ እንደቀረ ኦዲተር ቅር ብሏቸው።

ሁለተኛው ጣጣ ደንባችን 15 ገጽ መሆኑ ነበር። አንድ ወረቀት ሲታጠፍ አራት ገጽ ነው፤ ስለዚህ የገጹ ቁጥር ለአራት መካፈል አለበት፣ ካልተካፈለ ባዶ ገጽ ይተርፋል። «ለባዶ ገጽ ልንከፍል ነው?» ተባለ። ደንቡን በአንድ ምሽት ያጸደቀ ኮሚቴ በባዶው ገጽ ላይ አርባ ደቂቃ ተከራከረ። የዳኛው ፎቶ ይሁን ያሉ ነበሩ። የሥራ አስፈጻሚው ስም ዝርዝር ይሁን ያሉም ነበሩ፤ እነሱ ስማቸው ዝርዝሩ ውስጥ ያለ ናቸው። በመጨረሻ በነጠብጣብ መስመር ተሞልቶ «ማስታወሻ» ተባለ። አገር ውስጥ በየመጽሐፉ ጀርባ ያ ሁሉ ማስታወሻ ከየት እንደመጣ የገባኝ ያን ቀን ነው።

የሙከራ ኅትመቱ ጀርባው ተዘቅዝቆ ወጣ። ወረቀቱ በረጅሙ ጠርዝ ተገልብጦ ነበርና በአጭሩ ጠርዝ እንዲገለበጥ ተስተካከለ። ጸሐፊያችን ግን «ድሮም ማሽን አይታመንም» ማለታቸውን አልተዉም። የክረምት እርጥበት ያለሰለሰው ወረቀት ሁለት ሁለት እየሆነ ሲገባ ደግሞ ድል ያደረጉ መሰላቸው።

ልጅቷ ሰብስባና ሰፍታ ለመስጠት ለእያንዳንዱ ጥቂት ብር ጨምሩ አለች። ገንዘብ ያዡ «እጅ የለንም እንዴ?» ብለው 480ውን ወረቀት አሸክመውን እቤታቸው ገባን።

አራት ክምር ጠረጴዛ ላይ ተቀመጠ፣ አራት ሰው ከየክምሩ ፊት። እኔ ሁለተኛው ክምር ደረሰኝ። ከየክምሩ አንድ አንድ እያነሣን ደርበን ለአጣፊው እናቀብላለን፤ አጣፊው በጥፍሩ ያሰምራል፣ ለሰፊው ያሳልፋል። ተራ ስቴፕለር የወረቀቱ መሐል ድረስ አይደርስም። ሰፊያችን ግን አፉን ከፈቱት፣ መጽሐፉን ካርቶን ላይ ዘርግተው ከላይ ተጫኑት፣ ካርቶኑ ውስጥ የገባውን ሽቦ ነቀሉና እግሩን በማንኪያ ጀርባ አጠፉት። እውነት ለመናገር ያማረ ሥራ ነበር። 47 ጨረስን።

ቡና ቀረበ።

ቦንጋ ውስጥ ቡና እየሸተተ ሥራ አይሠራም፤ የቡና መገኛ ነን ብለን ብሔራዊ ሙዚየም ያቆምን ሰዎች እንዲህ ያለውን ነውር አናደርግም። ተነሣን። አቦሉን ቆመን፣ ቶናውን ተቀምጠን፣ በረካውን የመሬት ክርክር አንሥተን ጠጣን። ስንመለስ ዳኛው ጭሱ በዛብኝ ብለው ወደ በሩ ተጠጉ፣ ሌላው ለእሳቸው ቦታ ለቀቀ፣ ክምሩ እንዳይወድቅ ተገፋ፣ ተነሣ፣ ተቀመጠ። የቀሩትን 73 በበረካው ጉልበት ከመጀመሪያዎቹ በፈጠነ ጊዜ ጨረስናቸው። ሁለተኛውና ሦስተኛው ክምር ቦታ መለዋወጣቸውን ያየ አልነበረም። እኔም አላየሁም፤ በክምሩ ፊት ግን የተቀመጥኩት እኔ ነኝ።

የብራና ጸሐፍት በየጥራዙ ራስ ላይ ቁጥር ያኖሩ ነበር፣ ደጓሹ እንዳይሳሳት። የእኛም ወረቀት ቁጥር ነበረው፣ ያውም በየገጹ። ቁጥር ግን ካላዩት ጌጥ ነው።

ከወር በኋላ ሦስት ስብሰባ በተከታታይ የቀረ አንድ ጎረምሳ ለቅጣት ተጠራ። ደንቡን ከኪሱ አወጣ። ገጽ 4 መጨረሻ፦ «ያለ በቂ ምክንያት በሦስት ተከታታይ ስብሰባ ያልተገኘ አባል»፤ ቅጠሉ ቀጥሎ ገጽ 7 ነው፦ «ቡናና ዳቦ ይቀርብለታል፤ ማደሪያም ይፈለግለታል።» ልጁ ደንቡን አጥፎ ዳቦውን ጠበቀ። ይህ ከሩቅ አገር ለመጣ ለቀስተኛ የተጻፈ ነበር። ለቀስተኛው በበኩሉ ከገጽ 6 ወደ ገጽ 3 ዘሎ «የመመዝገቢያውን ከፍሎ ሁለት ዋስ ይጠራል» ተብሏል። ከሁሉ ያሳዘነኝ አዲስ ተከራይ የሆነው መምህር ነው። ገጽ 2 ላይ «አዲስ አባል ለመሆን የሚያመለክት ሰው» ብሎ ጀመረ፤ ገጽ 5 ላይ «50 ብር ይቀጣል፤ ከደገመም ይሰረዛል» የሚል አገኘ። ማመልከቻውን አጥፎ ወደ ቤቱ ተመለሰ።

ዳኛው የያዙት ከቡና በፊት የተጠረዘውን ነበርና ሰው ሁሉ ያበደ መሰላቸው። ጉዳዩን የሚያጣራ ኮሚቴ ተቋቋመ። ኮሚቴው ማሻሻያ ይጽደቅ፣ አባሪ ይታተም፣ ሁለቱም ደንቦች በየፊናቸው ያገልግሉ የሚሉ ሐሳቦችን አቀረበ። በዚህ መሐል አንዱን ቅጂ ለልጅቷ አሳየኋት። ሁለቱን ሽቦ በጥፍሯ ነቀለች፣ ሁለቱን ወረቀት አለዋወጠች፣ መልሳ ሰፋች። አንድ ደቂቃ አልፈጀም። 73ቱን አምጧቸው አለች፣ በነጻ።

ጥሩምባ ተነፋ፣ ከቡና በኋላ የተጠረዘው ይመለስ ተባለ። እስካሁን 11 ተመልሷል። ጎረምሳው ተጠይቆ እንቢ አላለም፤ በሚቀጥለው ስብሰባ ይዤ እመጣለሁ ብሏል።