አንኖውን አርቲስት

ከኢትዮጵያ ድምፃውያን መካከል ብዙ ዘፈን ያለው ማን ነው ተብሎ ቢጠየቅ አብዛኛው ሰው ሳያመነታ ጥላሁን ገሠሠን ይጠራል። የእኔ ኮምፒውተር ግን አይስማማም። በእሱ መዝገብ አንደኛው አንኖውን አርቲስት የሚባል ሰው ነው። ይህ ሰው ክራር ይደረድራል፣ ሳክስፎን ይነፋል፣ በአማርኛ ያንጎራጉራል፣ በኦሮምኛ ያስጨፍራል፣ ፆም ሲገባ መዝሙር ይዘምራል፣ ሲያሻው በሴት ድምፅ እንባ ያስመጣል። አልበሙ አንድ ብቻ ነው፤ እሱም አንኖውን አልበም ይባላል። እዚያ ውስጥ የሌለ ዘፈን የለም።

እናቴ ማታ ማታ ሶፋው ላይ ጋደም ብላ ዘፈን ስትሰማ የልጅ ልጇን «አሁን ደግሞ ማን ነው?» ትለዋለች። እሱም ስክሪኑ ላይ የተጻፈውን እንዳለ ያነብላታል። አንድ ቀን ወደ እኔ ዞር ብላ «ይኼ አንኖውን የምትሉት ልጅ የማን ልጅ ነው?» አለችኝ። «ድምፁ ቁርጥ ጥላሁንን! ነፍሱን ይማረውና ሳያርፍ ያስተማረው መሆን አለበት። ምነው ቴሌቪዥን ላይ አያቀርቡትም?»

«ዓይን አፋር ነው እማዬ» አልኳት።

ይህን ዓይን አፋር ከቤቴ አስወጥቼ ዘፈኑን ሁሉ ለየባለቤቱ ለመመለስ የቆረጥኩት ያኔ ነው።

የአንኖውን የትውልድ ስፍራ መናኸሪያ ነው። የባለቤቴ ወንድም ከአዳማ ሻሸመኔ ሚኒባስ ይነዳል። ሞጆ፣ መቂ፣ ባቱ፣ አርሲ ነጌሌ እያለ ሲወርድ፣ መኪና በሚቆምበት ሁሉ ዘፈን የሚጭን ሱቅ አይጠፋም። ተሳፋሪ እስኪሞላ እሱ ፍላሽ ያስሞላል። ፍላሹ ጢም ሲል አዳማ እኔ ቤት ይመጣና «አራግፍልኝ» ይላል። አራግፍለታለሁ። ፎልደሮቹ «ኒው»፣ «ኒው ኒው»፣ «ኒው 2»፣ «የመቂ»፣ «የመቂ የመጨረሻ»፣ «ያልተሰማ» ይባላሉ። ያልተሰማ የተባለውን ከፍቼ ስሰማ እኔ ኮሌጅ እያለሁ የሰማሁት ነው። አንዴ የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 የሚባል ሕግ እንዳለ ብነግረው የትራፊክ ደንብ መሰለው መሰል ቀበቶውን አሰረ።

ዘፈኖቹ ስም ያጡበት ምክንያት ግን የሹፌሩ ጥፋት ብቻ አይደለም። ኤምፒስሪ ሲፈጠር የዘፋኙን ስም የሚይዝ ቦታ አልነበረውም። በ1996 እንደ ፈረንጆቹ ኤሪክ ኬምፕ የሚባል ሰው ከፋይሉ ጭራ ላይ 128 ባይት የምታህል ወረቀት ለጠፈበት። ለርዕስ 30፣ ለዘፋኝ 30፣ ለአልበም 30፣ ለዓመት 4፣ ለማስታወሻ 30፣ ለዘፈኑ ዓይነት 1፤ የቀረችው 3 ወረቀቷን ራሷን ለማስታወቅ ነች። ቦታዋ የተሰላው ለላቲን ፊደል ነው። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው ከሦስት ዓመት በኋላ በ1999 ነውና ኬምፕ ስለ እኛ ባያስብ አይፈረድበትም። በኋላ ወረቀቷ ተሻሽላ ሰፋች። እስከዚያ ግን የእኛ ሰው እጁን አጣጥፎ አልተቀመጠም፤ በየራሱ የግዕዝ ሶፍትዌር ይጽፍ ነበር። ያ ሶፍትዌር በሌለበት ኮምፒውተር ላይ ሲከፈት ታዲያ ብዙነሽ በቀለ የዶላር ምልክት፣ ሁለት ኮከብና ግማሽ ቅንፍ ሆና ትወጣለች። ይህም ያልተሳካለት ደግሞ የጥያቄ ምልክት ሰልፍ ይሆናል።

የባለቤቴ ዘፈኖች ግን አንድም ችግር አልገጠማቸው። እሷ የአሰላ ልጅ ናት። ኦሮምኛ በቁቤ ስለሚጻፍ፣ ቁቤም ላቲን ስለሆነ፣ የአርሲው ዘፈን ሁሉ ከነስሙ፣ ከነአልበሙ ቁጭ ብሏል። ከጀርባዬ ቆማ ቡናዋን እየጠጣች «ይኸው» አለች፤ «የእኔዎቹ መታወቂያ አላቸው። ያንተዎቹ ናቸው በጥያቄ ምልክት የሚኖሩት።»

ደስታዋ ዓሊ ቢራ ጋ እስክንደርስ ነበር። ዓሊ በአንድ ቢ፣ በአንድ አር፣ በሁለት አይ፣ በሁለት ኤ እየተጻፈ አምስት ሰው ሆኖ ቆየን። በ2015 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ እዚሁ አዳማ ያረፈውን አንድ ታላቅ ሰው ኮምፒውተሩ አምስት ቦታ ከፋፍሎታል። «እነዚህን አንድ አድርጋቸው» አለችኝ፤ ቡናዋም ቀዘቀዘ።

እኔም የራሴን ዘፈኖች ስም እያስተካከልኩ በአማርኛ መጻፍ ጀመርኩ። ጸሐዬ ዮሐንስ ላይ ስደርስ እጄ ቆመ። በየትኛው ጸ? በየትኛው ሐ? ጸና ፀ ሁለት ናቸው፤ ሀ፣ ሃ፣ ሐ፣ ሓ፣ ኀ፣ ኃ ስድስት ናቸው፤ በዮሐንስ ውስጥ እነዚያው ስድስቱ ይመለሳሉ፤ መጨረሻ ላይ ስና ሥ አሉ። አባዝቼ ሳየው አንድ ሰው በ144 መንገድ ይጻፋል። ለአንባቢ ሁሉም ያው ጸሐዬ ነው፤ ለኮምፒውተር ግን 144 ድምፃውያን ናቸው፤ ሁሉም አንድ ዓይነት ድምፅ ያላቸው።

ስሙን ጽፈህ ስትጨርስ ደግሞ የሙዚቃ ፕሮግራሙ የቤተሰብ ስም ይፈልጋል። ከውጭ የመጡት ሲዲዎች በአባት ስም ተደርድረው ነው የገቡት። ሙላቱ አስታጥቄን ለማግኘት አስታጥቄ ብሎ መፈለግ ግድ ነው፤ የውጭ ጋዜጦችም እንደዚያው ነው የሚጽፉት። ስለዚህ እኔ ቤት ቪብራፎን የሚመቱት አቶ አስታጥቄ ናቸው፤ ትዝታ የሚያንጎራጉሩት አቶ አህመድ፣ ሰውነትን የሚያርገበግቡት አቶ አወቀ። ልጆቹ የለፉበትን መድረክ አባቶች ወረሱት። ከዚህ ወረራ የተረፈው ዓሊ ብቻ ነው። መዝገብ ላይ ዓሊ መሐመድ ሙሳ ሆኖ ሳለ ቢራ የተባለው ድሬዳዋ ውስጥ ከአፍረን ቀሎ የሙዚቃ ቡድን ጋር በልጅነቱ በተጫወተው ዘፈን የተነሳ ነው። ሁለተኛ ስሙ ከአባቱ ሳይሆን ከዘፈኑ ነው። ባለቤቴ ይህን ስትሰማ ቡናዋን እንደገና አሞቀች።

ዓመት የሚለው ሣጥን አራት አኃዝ ሲያይ ዝም ይላል፤ በማን አቆጣጠር ብሎ አይጠይቅም። የማህሙድ አህመድ «ኧረ መላ መላ» በፈረንጅ 1975 ነው፤ የእኛ ሰው የጻፈው ደግሞ 1967 ይላል። ኮምፒውተሩ እንዳመነው ከሆነ ማህሙድ ያንኑ ዘፈን ስምንት ዓመት ቆይቶ ምንም ሳይለውጥ ደግሞታል። «የስድሳዎቹን አጫውትልኝ» ብዬው የፈረንጁን ስድሳዎቹን አቀረበልኝ። እኛ ስድሳዎቹ የምንላቸው አምሃ እሸቴ ሸክላ ያሳተመባቸው፣ ክለቡ ሁሉ የሞቀባቸው ዓመታት ናቸው። የእሱ ስድሳዎቹ ሊያልቁ ሲሉ ነው የእኛዎቹ ገና የሚጀምሩት። ግማሹ ባንድ ውጭ ቀረ።

የዘፈን ዓይነት ለምትባለው አንዲት ባይት መጀመሪያ የተሰጧት አማራጮች 80 ናቸው። አንብቤያቸዋለሁ። ፖልካ አለ፤ ዴዝ ሜታል አለ፤ ሰው የሚቀለድበት ድምፅ ሁሉ የራሱ ቁጥር አለው። ባቲ የለም፤ አምባሰል የለም፤ አንቺሆዬ የለም። ዜሮ ቁጥር የተሰጠው ብሉዝ ነው። ሣጥኑን ማንም ሳይሞላው ዜሮ ሆኖ ከቀረ ኮምፒውተሩ ብሉዝ ብሎ ይፈርዳል። በዚህ ዳኝነት የገና ዝማሬ፣ የሠርግ ዘፈን፣ የሰፈራችን ልጆች የሆያ ሆዬ ቅጂ፣ ሁሉም ብሉዝ ሆነ። እዚህ ላይ ሳልወድ ያደነቅኩት አንድ ነገር አለ፤ ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ በኢትዮፒክስ ተከታታዩ አሥረኛውን ሲዲ ትዝታ ብሎ ሲሰይም፣ ከርዕሱ ሥር የኢትዮጵያ ብሉዝ ብሎ ጽፎበታል። የሞላ ሰውና ያልሞላ ሰው አንድ ቦታ ተገናኙ።

ዋናው መዓት የመጣው ይህ ሁሉ ተስተካክሎ ሲያበቃ ነው። አንድ ጠዋት ኮምፒውተሩን ስከፍት ዘፈኖቹ ሁሉ ግራጫ ሆነዋል፤ ከእያንዳንዱ ፊት ቃለ አጋኖ ቆሟል። ብጫነው አይዘፍንም። ብለምነው አይዘፍንም። ቃለ አጋኖው «ይኼ ሁሉ ምን ነካው!» የሚል ይመስል ከላይ እስከ ታች ተሰልፏል።

ኮምፒውተር የሚጠግን ጎረቤት ልጅ አለን። ጎበዝ ነው፤ መድኃኒቱ ግን አንድ ናት። ስክሪኑን ገና በሩቁ አይቶ «ጋሼ፣ ፎርማት ይደረግ» አለ።

«ምን ሆኖ ነው?»

«እሱን ፎርማት ካደረግን በኋላ እናየዋለን።»

ፎርማት ማለት ሁሉን አጥፍቶ እንደ አዲስ መጀመር ስለሆነ ባለቤቴ በኮምፒውተሩና በልጁ መሃል ገብታ ቆመች። ልጁ ተስፋ ሲቆርጥ ሽፋኑን ፈትቶ አቧራውን ነፋ። አዳማ ነፋስ አታጣም፤ ከከተማው ዳር ኮረብታ ላይ የቆሙት ተርባይኖች በመጀመሪያው ዙር 51፣ በሁለተኛው 153 ሜጋዋት ለማመንጨት የሚችሉበት ነፋስ ነው። ያው ነፋስ እኛ ቤት ሲደርስ ግን ኮምፒውተር ውስጥ ነው የሚያድረው። አንድ እፍኝ ተኩል ወጣ። ቃለ አጋኖው አልተነቃነቀም።

ልጁ ቁጭ ብሎ ማሰብ የጀመረው ከዚህ በኋላ ነው፤ ሲያስብ ደግሞ ያውቃል። ነገሩ እንዲህ ነው። በዚህ የሙዚቃ ፕሮግራም ውስጥ አንድም ዘፈን የለም፤ ያለው የዘፈኖቹ አድራሻ ብቻ ነው። አድራሻውም የአዳማ አድራሻ ዓይነት ነው፤ ከፖስታ ቤት ከፍ ብሎ፣ ሰማያዊ በር ካለው ሱቅ አጠገብ የሚባለው። ባለሱቁ በሩን አረንጓዴ ቀለም የቀባ ቀን እንግዳው ከደጃፉ ቆሞ «የለም» ብሎ ይመለሳል። የእኛ ዘፈኖች የሚኖሩት ተንቀሳቃሽ ሃርድ ዲስክ ላይ ነው፤ ፕሮግራሙም ኢ በምትባለው ፊደል ነው የሚያውቃቸው። ያን ጠዋት ሃርድ ዲስኩ ከመሰካቱ በፊት የሹፌሩ ፍላሽ ተሰክቶ ኖሮ ኢን ቀድሞ ያዘ። ሃርድ ዲስኩ ኤፍ ተሰጠው። ፕሮግራሙ ኢ ቤት ሄዶ ቢያንኳኳ የከፈተለት «የመቂ የመጨረሻ» ነው።

ፍላሹ ተነቀለ፤ ከዲስክ ማስተዳደሪያው ገብቶ ለሃርድ ዲስኩ የድሮ ፊደሉ ተመለሰለት። ቃለ አጋኖዎቹ በሙሉ ጠፉ። ልጁ ሂሳብ አልቀበልም አለ፤ የአርሲውን ፎልደር ብቻ ልገልብጥ ብሎ የራሱን ፍላሽ ሰካ፤ ገለበጠ፤ ሄደ። ምስጋናውን ትቶልን ሄዶ ኖሮ ማታ ፎልደሮቹ ሁሉ ሾርትከት ሆኑ። ከፍላሹ የገባው ቫይረስ ፋይል አያጠፋም፤ ይደብቃል፤ በቦታውም የራሱን መግቢያ ያስቀምጣል። ተመልሶ መጥቶ ቫይረሱን ካጠፋ በኋላ ጥቁር መስኮት ከፈተና አትሪብ ብሎ፣ ሁለት ሦስት ፊደል በጭረት ጨምሮ ጻፈ። የተደበቀው ሁሉ ወጣ። ያልደበቅናቸውም ወጡ፤ ኮምፒውተሩ ለራሱ ደብቆ የያዛቸው ምንነታቸው የማይታወቅ ፋይሎች አሁንም እዚያው ይታያሉ። አልነካናቸውም።

ሲወጣ በር ላይ ቆሞ «ጋሼ፣ ቦታ የሚበላብዎት ድግግሞሽ ነው፤ በዚህ ያጽዱት» ብሎ አንዲት ትንሽ ፕሮግራም ትቶልኝ ሄደ። ርዕሳቸው አንድ የሆኑትን ዘፈኖች ፈልጋ አንዱን አስቀርታ ሌላውን ታጠፋለች። በኢትዮጵያ ዘፈን ላይ ይህን ፕሮግራም ማስነሳት ምን እንደሆነ የገባኝ ውጤቷን ሳይ ነው። ማህሙድ አህመድ ትዝታ። አስቴር አወቀ ትዝታ። በዛወርቅ አስፋው ትዝታ። ካሳ ተሰማ ትዝታ። ሰይፉ ዮሐንስ ትዝታ። ሙላቱ አስታጥቄ ያለ ግጥም ትዝታ። ሁሉንም አሰልፋ አንዲት ሣጥን ከፍታ ጠየቀች፤ አንዱን ምረጡ፣ የቀረው ይጠፋል።

ሣጥኗን ዝጋት ብባል የትኛው ቁልፍ ምን እንደሚያደርግ እርግጠኛ አይደለሁም፤ ልጁም አይደለም። ስለዚህ አልዘጋናትም። መብራት እንዳይሄድባት ዩፒኤስ ገዛሁላት። እናቴ ለበዛወርቅ ድምፅ ሰጥታ፣ ጎረቤቶቿን ለቡና ጠርታ እየቀሰቀሰች ነው። እኔ ለማህሙድ ነኝ። ልጁ ለአስቴር። ፊት ለፊታችን ያሉት ጡረተኛ ካሳ ተሰማን ያልመረጠ ሰው ክራር ሰምቶ አያውቅም ብለው ሁለት ጊዜ ድምፅ ሰጥተዋል፤ አንዱ ተሰርዟል። ሹፌሩ ከባቱ ደውሎ «ሙላቱ፤ ተሳፋሪ ስልክ ሲያወራ አይረብሽም» አለ። ባለቤቴ ዓሊ ቢራ እጩ ካልሆነ አልመርጥም ብላ ምርጫውን ረግጣ ወጥታለች፤ አሰላ ያሉት ዘመዶቿም ከጎኗ ቆመዋል። እነሱ ብዙ ናቸው፤ እሑድ ይመጣሉ።