ማን ሞቶ ነው የምትሮጠው?

በወሎ፣ ከላላ ገጠር ሙሉ ሰው ሲሮጥ ከታየ ምክንያት ይፈለግለታል። ከብት ጠፍቶበት ነው፤ ወይ ሚስቱን ምጥ ይዟታል፤ ወይ መርዶ ሊያደርስ ነው፤ ወይ አንዳች አጥፍቶ እያመለጠ ነው። ከነዚህ ውጭ ያለው ሩጫ የልጅ ነው። እንግዲህ ለበዓል ዘመድ ጥየቃ ከአዲስ አበባ የመጣ፣ ሐኪም “ክብደት ቀንስ” ያለው የቢሮ ሰው፣ ገና ጎሕ ሲቀድ በቁምጣ ወጥቶ የገደሉን አፋፍ ይዞ ሲሮጥ መንደሩ ምን እንደሚል መገመት አያቅትም። መጀመሪያ ውሻው ይነሣል። ከውሻው ቀጥሎ ሕፃናቱ፣ ከሕፃናቱ ቀጥሎ ጥያቄው።

“አንተ ልጅ፣ ማን ሞቶ ነው?” ይላሉ ፍየል የሚያግዱ ሽማግሌ፣ ከተቀመጡበት ድንጋይ ሳይነሡ በዱላቸው መንገዱን ዘግተው።

“ማንም አልሞተ፣ አባባ። ስፖርት ነው።”

“የታመመስ?”

“የታመመም የለ። ደሜ ውስጥ ስብ በዝቶ ነው።”

“ማሻአላህ! እሱ ይጨምርልህ።”

ሯጩ ከዚህ በኋላ የሚያስረዳው ነገር የለውም። ሽማግሌው ግን አልጨረሱም፤ የሞተ ከሌለ፣ የታመመም ከሌለ፣ ስቡም ከተረፈ ምን ያስቸኩላል? ቡና ተፈልቷል፤ አረፍ ማለት ነው። ሰውየው ሰዓቱን አይቶ ይሳቀቃል። ቡናው እስከ በረካ ድረስ ከተጠጣ፣ ሰዓቱ የዛሬውን ሩጫ “ኪሎ ሜትሩን በአንድ ሰዓት ከሃያ” ብሎ መዝግቦ ስትራቫ በሚባለው የሯጮች መተግበሪያ ላይ ለወዳጅ ለጠላት ሊያሳይበት ነው። ባይጠጣ ደግሞ “የእገሌ ልጅ ከተማ ገብቶ ሰው ናቀ” ይባላል። ቡናውን ይጠጣል።

ሽማግሌውን አልፈርድባቸውም። በያዝነው ጊዜ ደግሞ ጠያቂው እሳቸው ብቻ አይደሉም። ኬላ ላይ “ለምን ትሮጣለህ?” ተብሎ “ለጤናዬ” ብሎ የሚመልስ ሰው፣ መልሱ ጤናውን ይጠብቅለት እንደሆነ ሁለት ጊዜ ቢያስብ አይከፋም።

የሚሮጥበትም መሬት የዋዛ አይደለም። ከላላን ከላይ ሲያዩት ሜዳ ነው። ጤፉም ስንዴውም እስከ አፋፉ ድረስ ተዘርቶ ይሄድና መሬቱ ድንገት ያልቃል። ከዚያ በታች ሌላ አገር ነው። በደቡብ በኩል የጃማ ወንዝ፣ በምዕራብ ከወግዲና ከቦረና ወዲያ ደግሞ ዓባይ ደጋውን ቆርጠው ወርደዋል። ከመካነ ሰላም ወደ ጎጃም ጉንደወይን የሄደ ሰው ዓባይ ድልድይ እስኪደርስ ድረስ ጆሮው ስንት ጊዜ እንደሚደፈን ያውቀዋል። ከአፋፍ እስከ ወንዝ ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ የሚወረድበት ቦታ ብዙ ነው። በየሺህ ሜትሩ ሙቀቱ ስድስት ሰባት ዲግሪ ስለሚጨምር፣ ላይ ጋቢ ያስለበሰ ማለዳ ታች ሲደርሱ ሸሚዝ ያስወልቃል።

ገደል ከተራራ የሚብስበት ተንኮል አለው። ተራራ የሚወጣ ሰው ሲደክመው ዞሮ ይወርዳል፤ ቁልቁለቱ ቤቱ ያደርሰዋል። ገደል ግን ቁልቁለቱን አስቀድሞ ያበላል። ሯጩ ሲወርድ ኃይሌ ገብረ ሥላሴን የሆነ ይመስለዋል፤ ሰዓቱም በየኪሎ ሜትሩ እየተንጫረረ ያሞግሰዋል። ልቡ የሚከዳው ወንዙ ዳር ነው፤ ያን ጊዜ ደግሞ ቤቱ ከራሱ በላይ ሆኗል። ጉልበቱ ይንቀጠቀጣል፣ ውኃው አልቋል፣ ፀሐይዋ ከገደሉ ግድግዳ እየተመለሰች ሁለት ሆናለች። ከአፋፉ ላይ ቁልቁል የሚያዩት ጭላዳዎች ብቻ ናቸው፤ እነሱ ያለ ጉዳይ ወደ ታች አይወርዱም።

ካርታውም አይረዳውም። ማዶ ያለው ሰው ይታያል፤ ጮክ ብለው ቢጠሩት ይሰማል፤ ስለ በሬውና ስለ ዝናቡ ጠይቀውት ይመልሳል። ለመጨበጥ ግን ግማሽ ቀን ወርዶ ግማሽ ቀን መውጣት ነው። ስልኩ በቀጥታ አስምሮ “አራት ኪሎ ሜትር” ይላል። ለጥንብ አንሣ ከሆነ ልክ ነው።

በዚህ ላይ አምባው አለ። አምባ የሚመረጠው የመጣው ጠላት ሳይዋጋ እንዲደክም ነበር። ደክሞት የደረሰ ጠላት ግማሹን ተሸንፏል። ዛሬ መጪው ለመድከም ብሎ፣ ያውም ከፍሎ ይመጣል። ምሽግ መራጮቹ ይህን ቢሰሙ በሩ ላይ ዘብ በማቆም ፋንታ ቲኬት ሻጭ ባስቀመጡ ነበር።

የወንዝ ሸለቆ አቋርጦ አምባ ላይ የሚያልቅ ጉዞ ከተነሣ፣ በዚህ አገር የዐፄ ቴዎድሮስን የሚያህል የለም። በ1860 መጀመሪያ ከደብረ ታቦር ተነሡ፤ ጋፋት ላይ የተሠራውን፣ ሰባት ቶን ገደማ የሚመዝነውን ሴባስቶፖልን በመቶ በሚቆጠር ሰው እያስጎተቱ፣ የጂዳንና የበሽሎን ገደል እያስጠረጉ፣ ራሳቸውም ድንጋይ እያነሡ መቅደላ የደረሱት በመጋቢት ነው። ከአምስት ወር በላይ መሆኑ ነው። ዛሬ ጥቂት ግራም የቀለለ ጫማ ለመግዛት ደመወዙን የሚያወጣ ሯጭ ይህን ሲሰማ ምን እንደሚል እንጃ።

ሊወጋቸው የተላከው የእንግሊዙ ጄኔራል የናፒየር ጦር ደግሞ በሌላ በኩል መጣ። ከዙላ የባሕር ጠረፍ ተነሥቶ ከስድስት መቶ ኪሎ ሜትር በላይ፣ ከህንድ ባስመጣቸው 44 ዝሆኖች ጭምር እየታገዘ ተጓዘና በሽሎን በስቅለት ዕለት ሚያዝያ 3 ተሻገረ። በሦስተኛው ቀን፣ ሚያዝያ 6፣ ንጉሡ እጅ ከመስጠት ሞትን መረጡ። ከዚያ የተዘረፈው ሀብት 15 ዝሆንና 200 የሚጠጋ በቅሎ ጭነት እንደሆነ ተጽፏል። ሰው ከጉዞው መታሰቢያ ይዞ መመለስ የጀመረው ትናንት አይደለም። ሴባስቶፖልን ግን ማንም አልወሰደውም። ያን ገደል ዳግመኛ የሚያወርደው ጠፍቶ እስከ ዛሬ እዚያው መቅደላ ላይ ነው።

ግሸን ላይ ደግሞ ችግሩ መውጣት ሳይሆን መውረድ ነበር። ዙፋን ይመኛሉ የተባሉ ልዑላን አምባው ላይ ይቆዩ ነበር፤ ከዚያ ወርደው የነገሡም አሉ፣ በ1426 የነገሡት ዘርዐ ያዕቆብ አንዱ ናቸው። አሁን መስከረም 21 ቀን አሮጊቶች በባዶ እግራቸው፣ ስንቃቸውን በጀርባቸው አዝለው ይወጡታል። ቁጥር የሚለጥፍላቸው የለም፤ ሜዳሊያም አይጠብቁም።

ሾንኬንም ያየ ያውቃል። በከሚሴ በኩል፣ የአርጎባዎች የድንጋይ መንደር ነው፤ ቤቶቹ ኮረብታው አናት ላይ ተደጋግፈው ከርቀት ሲታዩ አንድ ካብ ይመስላሉ። ጎብኚው መጨረሻው መታጠፊያ ላይ ይደርስና ጉልበቱን በሁለት እጁ ይዞ፣ “ቆይ፣ ለምን እዚህ ላይ ሠሩት?” ይላል እያለከለከ። መልሱን ራሱ እየተነፈሰው ነው።

ወደ ከላላው ሯጫችን ልመለስ፤ ዳገቱ ላይ ትቼዋለሁ። ጫማው ለድንጋያማ መንገድ ተብሎ የተሠራ ነው። ጀርባው ላይ ቱቦ ያለው የውኃ ቦርሳ አለ፣ ባዶውን። በሁለት እጁ የሚታጠፍ ምርኩዝ ይዟል። ከኋላው የሚሰማው ኮቴ ከምንጭ የምትመለስ ልጅ ኮቴ ነው፤ እግሯ ላይ ኮንጎ ጫማ፣ ጀርባዋ ላይ በገመድ የታዘለ ሃያ ሊትር ጀሪካን። አልፋው ትሄዳለች። ስታልፈው ግን ዝም ብላ አታልፍም፦ “አብሽር ጋሼ፣ እዚህችው ናት!” ገና ግማሹን አልወጣም። ልጅቱም ታውቃለች፤ በወሎ ደክሞት ለሚያለከልክ ሰው እውነተኛውን ርቀት መንገር ነውር ነው።

አውሮፓውያን ሞንብላንን የሚዞር 170 ኪሎ ሜትር ገደማ የሆነ ዝነኛ የተራራ ሩጫ አላቸው፤ ዳገቱ ሁሉ ሲደመር ወደ አሥር ሺህ ሜትር ይጠጋል። ከዓለም ዙሪያ ሰው ዕጣ እየጠበቀ ይገባበታል። በኛው ሒሳብ አንድ ሺህ ሜትር ጥልቀት ያለውን ገደል አሥር ጊዜ ወርዶ መውጣት ማለት ነው። ታች ቆላ የሚኖር፣ ገበያው ደጋ ላይ የሆነ ገበሬ በአሥር ቅዳሜ ይጨርሰዋል፤ ያውም ፍየል እየጎተተ። እርግጥ ነው፣ እነሱ ሁሉንም በአንድ ጊዜ ነው የሚሮጡት። ገበሬው ደግሞ ፍየሏ ካልተሸጠች በሚቀጥለው ቅዳሜ እንደገና ይዟት ይወጣል።

ለነገሩ መሮጥን እንደ በዓል ያየነው ከአዲስ አበባው ታላቁ ሩጫ ወዲህ ነው። በ1994 በአሥር ሺህ ሰው ሲጀመር አሥር ኪሎ ሜትር ነበር፣ ዛሬም አሥር ነው፤ የበዛው ሰውና ካናቴራ ነው። በዚያ ካናቴራ ዓመቱን ሙሉ ሲታዩ ከርመው ከቤታቸው እስከ ዳቦ ቤት በባጃጅ የሚሄዱ ወዳጆች አሉኝ። አበበ ቢቂላ በጳጉሜ 1952 የሮምን ማራቶን በባዶ እግሩ ማሸነፉን ሲተርኩም ከነሱ የሚበልጥ የለም።

አሁን እንግዲህ አንዱ ተነሥቶ “ታላቁ የገደል ሩጫ” ይዘጋጅ ቢልስ? ሐሳቡ ክፉ አይደለም፤ ገደሉ አለ፣ አምባው አለ፣ ታሪኩ አለ። ኮሚቴ ይዋቀራል። ባነር ይታተማል። መነሻውም መድረሻውም አፋፉ ላይ ይሆናል፤ የክብር እንግዳው ድንኳን ሌላ ቦታ ሊተከል አይችልማ። አንድ ነገር ብቻ ይቀራል፦ ታች ወንዙ ዳር ቆሞ ሯጮቹ በትክክል ደርሰው መዞራቸውን የሚመዘግብ ዳኛ። ይህ አጀንዳ ሲነሣ ስብሰባው ውስጥ ጉልበቱን ያላመመው አይገኝም። አንደኛው ስኳር አለበት፤ ሁለተኛው የዚያን ቀን ሠርግ አለው። በመጨረሻ እዚያው ወንዙ ዳር የሚኖር አንድ ገበሬ በሙሉ ድምፅ ይመረጣል፣ ባልተገኘበት።

ሰውየው መመረጡን ሰምቶ ውል ለመፈረም ወደ ላይ ይወጣል። ፈርሞ ይወርዳል። በውድድሩ ቀን ከንጋት ጀምሮ ቆሞ ይመዘግብና የስም ዝርዝሩን ለማስረከብ እንደገና ይወጣል፤ አስረክቦ ወደ ቤቱ ይወርዳል። አንደኛ የወጣው ሯጭ ገደሉን አንድ ጊዜ ወርዶ አንድ ጊዜ ወጥቶ ዋንጫ ተቀብሏል። ኮሚቴው ደግሞ ድንኳኑ ሥር ለዋለበት የመስክ አበሉን ፈርሞ ወስዷል። የገበሬው ወረቀት ግን ሒሳብ ክፍል ደርሶ ይመለሳል፦ ውሎ አበል የሚከፈለው ከመኖሪያው ርቆ ለሠራ ነው፤ እሱ የተመደበው ደጁ ላይ ነው።